አንድ የነርቭ ምት 1 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ፣ ጆሮ ከዚያ ያነሰውን ጊዜ እንዴት ይለያል?

መምህር_ዘቢቸና

እንደምን ከረማችሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ቢቸና አካባቢ። ባለፈው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ነገር ጠየቀችኝና "ነገ እመልስልሻለሁ" ብዬ ከክፍል ወጣሁ። ነገው ይኸው ሰባት ቀን ሞላው። ልጅቷ በረንዳ ላይ ባየችኝ ቁጥር ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ደግሞ ከጥያቄው የባሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ነርቭ እያስተማርኩ ነበር፤ ነርቭ መልእክት የሚልከው በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት እንደሆነ። ከምሳ በኋላ ስለሆነ ግማሹ ክፍል ያንጎላጃል። እንዲነቁልኝ ብዬ የአንዱን ልጅ ዓይን በነጠላ አሰርኩና ቁልፌን እያቃጨልኩ በክፍሉ ውስጥ ዞርኩ። "ከየት ነው?" ስለው በጣቱ ይጠቁማል። ግራና ቀኙን አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፣ ግራው ጋ ለመድረስ ጭንቅላትን መዞር አለበት። ልዩነቱ ግን ቢበዛ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንጎል ይህን እያነጻጸረ አቅጣጫ ያውቃል አልኩና ኖራዬን አስቀመጥኩ።

እጇን አወጣች። "መምህር፣ ቅድም አንድ የነርቭ ምት 1 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል ብለውናል። ታዲያ ከምቱ ራሱ ያነሰ ጊዜ በምት እንዴት ይለካል? በክንድ ጤፍ ይለካል እንዴ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ላብ ላብ አለኝ። እውነቷን ነው። እስቲ የምታውቁ ካላችሁ በቀላሉ አስረዱኝ። ነገ ሐሙስ ክፍል አለኝ።

ዳሞቴው

መምህር ይሄማ ቀላል ነው። ቅርብ ያለው ጆሮ ድምፁን ጮክ ብሎ ይሰማዋል፣ የራቀው ቀነስ ብሎ። አንጎል የቱ ይበልጣል ብሎ ነው የሚያየው። ጊዜ ምናምን የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ልጅቷን እንደዚያ በላትና ተገላገል።

ነርቭና_ቡና

ዳሞቴው ግማሹን አግኝተሃል፣ ግማሹ ግን ልጅቷን አያሳምናትም። የምትለው ለቀጭን ድምፅ እውነት ነው። ቀጭን ድምፅ ሞገዱ አጭር ስለሆነ ጭንቅላት ይጋርደዋል፣ የራቀው ጆሮ ጥላ ውስጥ ይገባል። ወፍራም ድምፅ ግን ሞገዱ ከጭንቅላት ስፋት ይበልጣል፣ ዞሮ ያልፋል። ከበሮ በግራህ ቢመታ ሁለቱም ጆሮህ ጋ የሚደርሰው ኃይል ያው ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ይህን ክፍፍል እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሌይ በ1907 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ጽፎታል፦ ለወፍራሙ ጊዜ፣ ለቀጭኑ ጉልበት። ድንበሩ በግምት በሰከንድ 1500 ንዝረት አካባቢ ነው። የመምህር ቁልፍ ሲቃጨል ብዙው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ እዚያ ላይ የአንተ መልስ ይሠራል፣ ተጠቅመህ ተሟገት።

አሁን ወደ ልጅቷ። መምህር፣ በቅድሚያ ይቺን ልጅ አደራ። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር የነርቭ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምማረው፣ እዚያ እስክገባ ድረስ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የሚያምታታው ሁለት ነገር መቀላቀሉ ነው፦ ምቱ የሚፈጀው ጊዜ እና ምቱ የሚነሳበት ቅጽበት። ከአባይ በረሃ እየተንፋቀቀ የወጣ ተሳቢ ያለው ሲኖትራክ ኬላ ላይ ሲደርስ አስቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለፍ ግማሽ ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል። የፊት ጎማው ገመዱን የነካበት ሰዓት ግን አንድ ነው፣ ከፈለጉ በሰከንድ ክፍልፋይ ይመዘግቡታል። የመኪናው ርዝመት የመድረሻ ሰዓቱን አያደበዝዘውም። የነርቭ ምትም እንዲሁ ነው። 1 ሚሊ ሰከንድ የሚረዝመው ሰውነቱ ነው፣ አነሳሱ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ስህተት ሊደጋገም ይችላል።

ቀጥሎ፣ ይህ ቅጽበት ከድምፁ ጋር እንዴት ይታሰራል? በውስጥ ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በምትመስለው ኮክሊያ ውስጥ፣ ፀጉር መሰል ነገር ያበቀሉ ሕዋሳት አሉ። ሞገዱ ሲመጣ ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል በሩ ይከፈታል፣ ወደ ሌላው ሲያዘነብል ይዘጋል። ሜካኒካል በር ስለሆነ በማይክሮ ሰከንዶች ነው የሚንቀሳቀሰው። ዓይን እንዲህ አይደለም፤ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ረጅም የኬሚካል ሰንሰለት ስለሚያልፍ አሥሮች ሚሊ ሰከንዶች ያባክናል። ነርቩም የሚተኩሰው (ምት የሚልከው) በሩ በተከፈተበት የሞገዱ ክፍል ላይ ነው። ሞገዱ በሰከንድ 200 ጊዜ ከተመላለሰ፣ ነርቩ በእያንዳንዱ ዙር ባይተኩስ እንኳ ሲተኩስ ሁልጊዜ በዚያው ነጥብ አካባቢ ነው።

"አንድ ነርቭ በሰከንድ ሺህ ጊዜ መተኮስ አይችልም፣ የሺህ ንዝረት ድምፅ እንዴት ይከታተላል?" ካለች ደግሞ ሙቀጫ ይንገሯት። ሦስት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ተራ በተራ ሲወቅጡ አንዷ ብቻ ያን ያህል መፍጠን አትችልም፣ ሦስቱ ተደምረው ግን ዘነዘናው ፋታ የለውም። ነርቮችም ተራ እየተቀባበሉ ነው የሚሄዱት። ዊቨር እና ብሬይ የተባሉ አሜሪካውያን በ1930 ያመጡት ሐሳብ ነው። በድመት ላይ ሲለካ ነርቮቹ ድምፁን ነጥብ በነጥብ እየተከተሉ እስከ 4000 ወይም 5000 ንዝረት ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ በላይ ይበተናሉ።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው። አንጎል ሰዓት ይዞ "ቀኙ በዚህ ሰዓት ደረሰ፣ ግራው በዚህ" እያለ አይጽፍም። ሁለቱን ያገናኛል። በአንጎል ግንድ ውስጥ ኦሊቭ የምትባል ቦታ አለች፤ ቅርጿ የዘይት ወይራ ፍሬ ስለሚመስል ነው እንዲያ የተባለችው። እዚያ ያሉ ሕዋሳት ከሁለቱም ጆሮ መልእክት ይቀበላሉ። አንዱ ጆሮ ብቻ ሲያንኳኳ ብዙም አይነሱም። ሁለቱ አብረው ሲገፉ ግን ይተኩሳሉ። ከባድ የበር መቀርቀሪያ አስቡ፣ አንድ ሰው ቢገፋው የማይነቃነቅ፣ ሁለት ሰው እኩል "ሆ!" ብሎ ሲገፋው የሚከፈት። አንዱ ቀድሞ ገፍቶ ሲደክመው ሌላው ቢመጣ በሩ እንደተዘጋ ነው። የእነዚህ ሕዋሳት ልዩ ነገር ቶሎ መድከማቸው ነው። የገባባቸው ግፊት ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይፈስሳል። ሌላ ቦታ ያለ ነርቭ ግፊቱን አጠራቅሞ ይቆያል፣ እነዚህ እንደ ወንፊት ናቸው።

ስለዚህ ለልጅቷ፦ በክንድ ጤፍ አይለካም፣ ግን ሁለት ክንድ ጎን ለጎን ብታቆሚ በጤፍ ፍሬ ያህል መበላለጣቸው ይታይሻል።

መምህር_ዘቢቸና

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። የሲኖትራኩ ገባኝ፣ ነገ እጠቀመዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልጠራልኝም። ሁለቱ እኩል ሲገፉ የሚከፈት ከሆነ፣ ከፊት ለፊት የመጣ ድምፅ እኩል ይደርሳል፣ በሩ ይከፈታል። ከቀኝ የመጣው ግን እኩል አይደርስም። ታዲያ ያን ጊዜ ማን ይከፍታል?

ነርቭና_ቡና

ጥሩ ቦታ ነው የያዙት፣ እኛም ላብራቶሪ ውስጥ ገና የምንጨቃጨቅበት ነው።

አሜሪካዊው ጄፍረስ በ1948 አንድ ሸጋ ሐሳብ አመጣ። ሕዋሳቱ ተደርድረዋል፣ ከቀኝ የሚመጣው የነርቭ ሽቦ ለአንዱ አጭር ለሌላው ረጅም ነው፣ ከግራ የሚመጣው ደግሞ በተቃራኒው። ድምፁ ቀኝ ጆሮ ቀድሞ ከገባ፣ የቀኙ መልእክት በረጅሙ መንገድ ሲንቀራፈፍ የግራው በአጭሩ ይደርስበትና አንድ የተወሰነ ሕዋስ ላይ ይገናኛሉ። የተገናኙበት ቦታ አቅጣጫውን ይናገራል። ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ሁለት አውቶቡስ በእኩል ፍጥነት ቢነሱ፣ የተገናኙበትን ከተማ አይተው ማን ቀድሞ እንደተነሳ ያውቃሉ፣ እንደዚያ ነው።

በጉጉት አንጎል ውስጥ ይህ በትክክል ተገኘ። ካር እና ኮኒሺ በ1990 ሽቦዎቹን ራሳቸውን አሳይተዋል። ጉጉት በጨለማ አይጥ የምትይዘው በዚህ ነው። ሁሉም ሰው "በቃ፣ አጥቢ እንስሳትም እንዲሁ ናቸው" ብሎ መጽሐፍ ላይ አሰፈረው።

አልሆነም። በ2002 ሙኒክ ያሉ ተመራማሪዎች ጀርቢል በምትባል የበረሃ አይጥ ላይ ሞከሩት። በአጥቢዎች ኦሊቭ ውስጥ "ተነስ" የሚል መልእክት ብቻ ሳይሆን "ዝም በል" የሚልም ይገባል፣ እሱም በሚያስገርም የሰዓት ጥንቃቄ። ዝም አሰኚውን ስትሪክኒን በሚባል መርዝ ሲያግዱት ሕዋሱ የሚመርጠው የጊዜ ልዩነት ተንሸራቶ ዜሮ አካባቢ መጣ። ማለትም መዘግየቱን ከሽቦ ርዝመት ይልቅ ዝም የማሰኘቱ ሰዓት ነው የሚቀርጸው ብለው ደመደሙ። ሁሉም አልተስማማም፣ ክርክሩ አሁንም አለ።

ይህ ዝም አሰኚ መልእክት የሚያልፍበት የነርቭ መገናኛ ደግሞ ጉድ ነው። ጀርመናዊው ሐንስ ሄልድ በ1893 ያየው፣ በአንጎል ውስጥ ካሉ መገናኛዎች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ። ተራ መገናኛ ትንሽ አዝራር ነው። ይሄኛው ሕዋሱን እንደ መዳፍ ጨብጦ ይይዘዋል፣ በመቶ በሚቆጠሩ ቦታዎች በአንዴ ኬሚካል ይለቅበታል። ለምን? እንዳይዘገይና እንዳይሳሳት። አንድ መልእክተኛ ብትልክ ሊያመሽ ይችላል፣ መቶ ብትልክ አንዱ በሰዓቱ ይደርሳል።

አቅጣጫውን የሚያነበውስ? በጊኒ ፒግ ላይ በ2001 የወጣ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ቢያንስ ጭንቅላታቸው ትንሽ በሆነ አጥቢዎች፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ሕዋስ የተመደበ አይመስልም። የግራው አንጎል ሕዋሳት በጅምላ ለቀኝ ድምፅ ይንጫጫሉ፣ የቀኙ ለግራ። ከዚያ እንደ ገበያ ሚዛን የትኛው ሳህን ወረደ ተብሎ ይታያል። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ "በሩ አንድ አይደለም፣ ሺዎች ናቸው፣ እኩል አለመከፈታቸው ራሱ ነው መልእክቱ" ነው።

ሰው በደንብ ሲለማመድ 10 ማይክሮ ሰከንድ ድረስ ይለያል። ድምፅ በዚያ ጊዜ የሚሄደው 3.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት የአዴት ጤፍ ደርድሩበት።

ሚክሰር_ባለሙያው

እኔ ባሕር ዳር ሠርግ ላይ ድምፅ የምቆጣጠር ሰው ነኝ፣ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራበት ኖሬያለሁ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰዉ ብዙ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ስፒከር አቆምኩ፣ ኋላ ያሉት እንዲሰሙ ብዬ ከመድረኩ 30 ሜትር ምናምን ርቀት ላይ ሌላ ሁለት። ሁሉንም እኩል ለቀቅኳቸው። የሙሽራው አባት ሊመርቁ ማይክ ያዙ። ኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መጡብኝና "አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ወደፊት ቆመው ከኋላዬ ነው የሚናገሩት፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚመርቁት" አሉኝ። ሰዉ ሳቀብኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

በኋላ አንድ አዋቂ አስተማረኝ። የኋላውን ስፒከር አዘግየው አለኝ። 34 ሜትር ከሆነ ድምፅ እዚያ ለመድረስ 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ያን ያህል አዘግየው፣ ላዩ ላይ 10 ወይም 15 ጨምርበት። አደረግኩት። አጠገብህ ያለው ስፒከር እየጮኸ ሰውየው ግን ከመድረኩ የሚናገር ይመስልሃል። አስማት ነው። ቀድሞ የደረሰው ድምፅ አቅጣጫውን ይይዛል፣ የኋለኛው ከፍ ቢልም "ጮክ አለ" ትላለህ እንጂ ቦታውን አይወስድብህም። ከ30 ወይም ከ40 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከዘገየ ግን ለሁለት ይከፈላል፣ የገደል ማሚቶ ይሆናል።

ነርቭና ቡና፣ ይህም እዚያው ወይራዋ ውስጥ ነው?

ነርቭና_ቡና

ሸጋ ጥያቄ። ሃስ ኢፌክት ይሉታል እናንተ ጋ፣ እኛ ጋ የቀዳሚነት ውጤት ይባላል። ሁለቱም ስሞች በ1940ዎቹ መጨረሻ ከተሠሩ ሥራዎች የመጡ ናቸው። ከፊሉ ኮክሊያው ውስጥ ራሱ ይጀምራል፣ ግን ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ መካከለኛው አንጎል ላይ ነው። እዚያ ያሉ ብዙ ሕዋሳት ለመጀመሪያው ድምፅ ተኩሰው ለተወሰኑ ሚሊ ሰከንዶች፣ አንዳንዶቹም ለአሥሮች፣ ለሁለተኛው ጆሮ ዳባ ይላሉ። ቤት ውስጥ ከግድግዳ፣ ከጣሪያ የሚመለሰው ሁሉ ቦታውን እንዳያምታታ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ነርቮቹ ቀርፋፋ እየሆኑ ነው የሚሄዱት። ከጆሮ የሚወጣው ነርቭ ሺዎች ንዝረትን ይከተላል፣ መካከለኛው አንጎል አንድ ሺህ አካባቢ ይደክማል፣ የአንጎሉ የላይኛው ቅርፊት ደግሞ በሰከንድ ጥቂት አሥሮችን ነው በደንብ የሚከተለው። ስለዚህ ጥቃቅኑ ሰዓት ታች፣ ግንዱ ላይ፣ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተቆጥሮ ያልቃል። ላይ ለደረሰው "ከቀኝ ነው" የሚል ውጤት ብቻ ነው የሚነገረው። ድምፁ ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ እንደየ እንስሳውና እንደየ ድምፁ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ አልፏል።

የድሮ_ቆሎ_ተማሪ

እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ውሻውን ግን አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ዲማ አካባቢ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ክረምት ላይ ከጮቄ የወረደ ጉም መንደሩን ይውጠዋል፣ እጅህን አታይም። አኩፋዳ አንግበህ፣ ደበሎህን ከራስህ በላይ ደርበህ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልክ በየደጁ ትዞራለህ። የቆሎ ተማሪ ጠላቱ ረኃብ ሳይሆን ውሻ ነው፣ የተማረ ሁሉ ይመሰክራል።

አንድ ቀን ውሻ ጮኸብኝ። ከቀኝም ከግራም አይደለም፣ መሐል ነው። ግን ከፊቴ ነው ከኋላዬ? ደበሎው ጆሮዬን ሸፍኖታል። ከፊቴ መስሎኝ ወደኋላ ሮጥኩ፣ ሮጬ ውሻው ላይ ወጣሁበት። ባቴ ላይ ምልክቱ አለ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ተማሪዎች መከሩኝ፦ "ውሻ ሲጮህ መጀመሪያ ደበሎህን ጣል፣ ቆመህ ራስህን ወዲህ ወዲያ አዙር፣ ከዚያ ሩጥ።" ለምን እንደሚሠራ ማንም አልነገረኝም፣ ግን ይሠራል።

ነርቭና_ቡና

ትልልቆቹ ተማሪዎች ልክ ናቸው። ከፊትም ከኋላም በቀጥታ የመጣ ድምፅ ሁለቱ ጆሮዎች ጋ እኩል ይደርሳል፣ ልዩነቱ ሁለቱም ጊዜ ዜሮ ነው። ኦሊቭ አንዱን ከሌላው መለየት አትችልም። እዚያ ላይ የሚረዳው የውጭው የጆሮ ቅጠል ነው፣ እጥፋቶቹ ከፊትና ከኋላ የመጣውን ቀጭን ድምፅ በተለያየ መንገድ ያጣሩታል። ደበሎው ያን ነው የደፈነብህ። ራስን ማዞር ደግሞ ዜሮውን ይሰብረዋል። ወደ ቀኝ ስትዞር ድምፁ ወደ ግራ ጆሮህ ካደላ ፊትህ ነው፣ ወደ ቀኝ ካደላ ከኋላህ ነው። ባትህ ይማርህ።

መምህር_ዘቢቸና

ሐሙስ ለልጅቷ ነገርኳት። የሲኖትራኩና የበሩ ገባት፣ ፈገግታዋም ትንሽ ተቃለለ። ከዚያ ሌላ አመጣች። "ድምፁ ቀስ ያለ ሲሆንስ ነርቩ እኩል ይፈጥናል?" አለችኝ። ይቺ ልጅ ደመወዜን ልትወስድ ነው።

ነርቭና_ቡና

አይፈጥንም! ደካማ ድምፅ ላይ ነርቩ ይዘገያል። ግፊቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ የመተኮሻው ልክ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። በሰው ላይ በቀላሉ ይታያል። ራስ ቅል ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው በጆሮ "ጠቅ ጠቅ" የሚል ድምፅ ያሰማሉ፣ ከአንጎል ግንድ ተከታታይ ሞገዶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ከጆሮ ነርቭ፣ 1.5 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ። አምስተኛው ድምፁ ከፍ ሲል 5.5 ወይም 6 አካባቢ ይመጣል፣ ድምፁ እስከ መስማት ጠርዝ ሲቀንስ ግን ወደ 8 ይገፋል። ገና የተወለደ ሕፃን መስማቱን የሚመረምሩበት አንዱ ዘዴ ይኸው ነው፣ ሕፃኑ ተኝቶ። "ሰማህ?" ብለህ ልትጠይቀው አትችልማ።

አንዱ ጆሮ የደከመበት ሰው አቅጣጫ የሚስተው እንግዲህ በሁለት በኩል ነው። ጉልበቱም ያንሳል፣ ሰዓቱም ይዛባል።

አንድ ሙከራ ልስጥዎት፣ ገንዘብ አይፈልግም። ግንበኞች ውኃ ልክ የሚያወጡበት ግልጽ ቀጭን ጎማ አለ አይደል? አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይዋሱ። መሐሉን በፓርከር ምልክት ያድርጉ። ተማሪው ሁለቱን ጫፍ ጆሮዎቹ ላይ ይያዝ፣ ጎማው ከጀርባው ይሁን። እርስዎ ከኋላ ሆነው በቢክ ቂጥ ጎማውን ቀስ ብለው ይንኩት። ከመሐሉ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ቢነኩ፣ የቀኙ መንገድ በ1 ያጥራል፣ የግራው በ1 ይረዝማል፣ ልዩነቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 58 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። "ቀኝ ወይስ ግራ?" ይበሏቸው።

ዳሞቴው

እኔ አሁን ቤት ውስጥ በአትክልት ጎማ ሞከርኩት። ሚስቴ አበድክ ብላኛለች። ግን ይሠራል፣ ቃሌን አንስቻለሁ።

መምህር_ዘቢቸና

ዛሬ ሠራነው። ጎማውን የተዋስኩት ጎረቤቴ ግንበኛ ነው፣ ውስጡ ትንሽ ውኃ ቀርቶበት ስለነበር መጀመሪያ ሁሉም "የሚያንቧቧ ነገር ነው የምሰማው" አሉኝ፣ አራግፈን እንደገና ጀመርን።

5 ሳንቲ ሜትር ላይ ጨዋታ ነው፣ ሳያስቡ ይመልሳሉ። 2 ላይም እንዲሁ። 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስባሉ፣ ግን አብዛኞቹ አገኙት። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ላይ ግምት ሆነ፣ ጠያቂዋ ልጅ ብቻ ደጋግማ አገኘችው፣ እኔ ራሴ አልቻልኩም። ቢኩን ጠበቅ አድርጌ ስመታው ጎማው ስለሚርገበገብ ያበላሻል፣ ስትሞክሩት ዳሰስ ነው ማድረግ።

አንዱ ልጅ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የትም ብነካ "ቀኝ" ይላል። 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ሄጄ ነካሁ፣ "ቀኝ"። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፣ የሚያሾፍ መሰላቸው፣ እኔም ለአፍታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ነርቭና ቡና ስለ ደከመ ጆሮ የጻፈችው ትዝ አለኝና ጎማውን ገልብጬ ጫፎቹን አቀያየርኩ። አሁንም "ቀኝ"።

ሲወጡ አስቀረሁት። የግራ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚመግል ነገረኝ። እናቱ ዘይት አሙቀው ያንጠባጥቡለት እንደነበር፣ ከዚያ እንደተወው። አስተማሪ ሲጠራው ዞር ዞር እያለ የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሳቡ ክፍል ውስጥ የለም እል ነበር። ዘይቱን ከዚህ በኋላ እንዳያደርጉበት፣ ጤና ጣቢያም እንዲታይ ለእናቱ ወረቀት ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ወንበሩንም ቀየርኩለት። በቀኝ በኩል መስኮቱ ሥር ነበር የሚቀመጠው፣ ደህናው ጆሮው ወደ ግድግዳ። አሁን ወደ ግራው ጠርዝ አመጣሁት፣ ቀኝ ጆሮው ወደ ክፍሉ ሆነ።

ጎማውን ግንበኛው ነገ በጠዋት ይፈልገዋል። የሌላው ሴክሽን ልጆች ሰምተው "እኛስ?" እያሉ ነው፣ እስቲ ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ሜትሩ በስንት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጻፉልኝ።